ብርሃኑ ነጋና የስድስት ኪሎ በር

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፣ ሰውየው በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ ፕሮፌሰርም ሚኒስትርም ነው፣ ግን እዚህ አንቱ እያልኩ አልጽፍም። ታሪኩ የሚጀምረው ገና በአስራዎቹ ዕድሜ ላይ ካለ ልጅ ስለሆነ እዛ ልጅ ላይ አንቱ ማለት ያስቀኛል፣ መሀል ላይ ደግሞ ከእሱ ወደ እሳቸው መዝለል አይመችም። ንቀት አይደለም። ዓመቶቹም በሙሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ብርሃኑ ነጋ የሚወራው ሁሌ ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ ጀግና ነበር ተሸጠ ወይ ድሮም ቢሆን ስልጣን ነበር የፈለገው። ሁለቱም ሰልችቶኛል። እኔ ማየት የፈለግኩት አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ነው፣ እሱም ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በር። ምክንያቱም የዚህን ሰው ህይወት ብትከታተሉት በየአስር ዓመቱ ምናምን ተመልሶ እዛው በር ላይ ነው የምታገኙት፣ ግን ሁሌ በሌላ በኩል ቆሞ። አንዴ ተማሪ፣ አንዴ አስተማሪ፣ አንዴ ተማሪ አሳምፀሀል ተብሎ ተከሳሽ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቁልፉን የያዘው ሚኒስትር።

ብርሃኑ የተወለደው በ1950 ቢሾፍቱ ነው፣ ያኔ ደብረ ዘይት። ቤተሰቡ የደላው ነጋዴ ቤተሰብ ነው። ይሄን የምለው ለሀሜት አይደለም፣ የዛን ትውልድ ነገር ለመረዳት ያስፈልጋል። መሬት ላራሹ ብለው በ1957 የወጡት ልጆች ብዙዎቹ መሬት የሌለው ገበሬ ልጆች አልነበሩም። ዩኒቨርሲቲ መግባት ራሱ በዛን ጊዜ እንደ ሎተሪ ነው፣ ግቢው ንጉሱ ለትምህርት የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግስት ነው፣ ማዶው አንበሳ ግቢ፣ ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሐውልት። እዛ ውስጥ ተቀምጠው ነው እንግዲህ ስለ ጭሰኛ የተጨነቁት። የተማሪ ንቅናቄው ሰው ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ የጻፈው በ1962 ህዳር ላይ ነው፣ የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው የተገደለው እዛው ዓመት ታህሳስ ላይ። ብርሃኑ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ማለትም የንቅናቄው ታላላቆች የሚባሉት ውስጥ አይደለም፣ ተከታዩ ነው፣ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ግቢ የገባ፣ ዘፈኑን ተጀምሮ ያገኘው። ይሄ ልዩነት ብዙ ሰው አይታየውም ግን ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ታላላቆቹ የተከራከሩት በወረቀት ነበር፣ ታናናሾቹ ግን ሲደርሱ ክርክሩ በጥይት ሆኗል።

ኢህአፓ ውስጥ ገባ፣ ደርግን በመሳሪያ የታገለው የግራ ፓርቲ ውስጥ ማለት ነው። ቀይ ሽብር ሲመጣ እንደ ብዙ እኩዮቹ ከተማውን ለቆ ትግራይ ውስጥ ወዳለው አሲምባ ተራራ ወጣ። እዛ የሆነው ነገር ለኔ የህይወቱ ቁልፍ ነው፣ ከእስሩም ከስደቱም በላይ። የድርጅቱን አመራር ተቸ፣ ለዚህ ያሰረው ደግሞ ደርግ አይደለም፣ ራሱ ድርጅቱ ነው። አንጃ የሚባል ቃል ነበረ በዛን ጊዜ፣ ከድርጅቱ መስመር ያፈነገጠ ለማለት፣ አንጃ ከተባልክ አለቀልህ፣ አሲምባ ላይ በዚህ ስም በጓዶቻቸው የተረሸኑ ልጆች አሉ። እሱ ተረፈ፣ ተለቀቀ፣ ወደ ሱዳን ተሻገረ፣ ከዛ አሜሪካ። ቆይ እስቲ አስቡት፣ ገና ሀያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኖ ሊገለው ከሚችል መንግስትም ሊገለው ከሚችል የራሱ ድርጅትም ያመለጠ ልጅ።

እዚህ ጋ ትንሽ ገለል ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ከዛው ከኢህአፓ ተነጥለው የወጡ ሌሎችም ነበሩ፣ እነ ታምራት ላይኔ፣ አዲሱ ለገሰ፣ ተፈራ ዋልዋ፣ በረከት ስምዖን፣ ኢህዴን የሚባል ድርጅት መስርተው ከህወሓት ጋር አብረው የገቡት፣ በኋላ ብአዴን የሆኑት። መለስ ዜናዊም ቢሆን የህክምና ትምህርቱን ጥሎ ነው ወደ ደደቢት፣ ወደ ህወሓት በረሃ የሄደው። ስለዚህ በ97ቱ ምርጫ በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ያየናቸው ሰዎች፣ የመንግስትም የተቃዋሚም፣ አብዛኞቹ የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው። እኛ ወጣቶቹ አዲስ ክርክር የምናይ መስሎን ነበር እንጂ የድሮ የዶርም ጭቅጭቅ ነው ፀጉሩ ሸብቶ የመጣው።

አሜሪካ ውስጥ ተማረ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በኒው ስኩል ኢኮኖሚክስ ዶክትሬቱን ሰራ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በክኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ይሄን ቶሎ ልለፈው፣ ብዙ የተለየ ነገር የለውም፣ የዛ ትውልድ ግማሹ ታክሲ እየነዳ ግማሹ ዶክትሬት እየሰራ ነው የኖረው፣ አንዳንዱም ሁለቱንም። በ1986 ግን ተመለሰ። ለምን ተመለሰ ብላችሁ ብትጠይቁ ያኔ መመለስ ቀላል አልነበረም፣ ምክንያቱም ከዓመት በፊት በ1985 ነው ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን ጨምሮ 42 መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባረሩት፣ ከዛም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የኤርትራን ሪፈረንደም የተቃወሙ ተማሪዎች ላይ ተተኩሷል። አስተማሪ በተባረረበት ግቢ ነው እሱ ሊያስተምር የገባው። ኢኮኖሚክስ አስተማረ፣ የኢኮኖሚክስ ማህበሩን መራ፣ ቢዝነስም ሰራ፣ ለተወሰነ ጊዜ ፖለቲካውን በጥናት ወረቀት በኩል ብቻ የሚነካ ሰው መስሎ ኖረ።

አሁን 1993 ጋ ደረስን፣ እዚህ ጋ ቀስ እንበል።

መጋቢት 30 ቀን 1993 የሰብአዊ መብት ጉባኤው ኢሰመጉ ባዘጋጀው ውይይት ላይ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ብርሃኑ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት ተናገሩ። መደራጀት መብታችሁ ነው፣ ሀሳብን መግለጽ መብታችሁ ነው፣ ይሄው ነው በጥቅሉ። በማግስቱ ማለት ይቻላል ተማሪዎቹ ጥያቄ ይዘው ተነሱ፣ ጥያቄዎቹ ደግሞ ዛሬ ሲነበቡ በጣም ትንሽ ናቸው፦ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ጋዜጣችንን እንድናሳትም ይፈቀድልን፣ የተማሪ ህብረታችን ነፃ ይሁን፣ እነዚህ ኃላፊዎች ይነሱልን። መንግስት ይውረድ ያለ የለም። ፖሊስ ግቢ ገብቶ ደበደባቸው፣ ነገሩ ወደ ከተማው ወጣ፣ ሚያዝያ 9 እና 10 አዲስ አበባ ተናወጠች፣ ከ30 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺህ የሚቆጠር ታሰረ፣ ትምህርቱን ጥሎ በሞያሌ በኩል ኬንያ የገባ ተማሪ ብዙ ነው። ያኔ የትምህርት ሚኒስትሯ ገነት ዘውዴ ነበረች፣ ለተማሪዎቹ በዚህ ቀን ካልተመለሳችሁ የሚል ቀነ ገደብ ስታስቀምጥ በቴሌቪዥን ያየ ያስታውሳል።

ሚያዝያ 30 ላይ መስፍንና ብርሃኑ ታሰሩ፣ ተማሪ ማነሳሳት በሚል። እስር ቤት ውስጥ የረሀብ አድማ አደረጉ፣ ከወር በኋላ በዋስ ወጡ። እስቲ ይሄን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጡት፣ ከ20 ዓመት በኋላ ብርሃኑ የተቀመጠው ገነት ዘውዴ የነበረችበት ወንበር ላይ ነው። ይሄን ስጽፍ እሱን ለመክሰስ አይደለም፣ ግን እንደ ጉዳይ ካየነው ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር በአገራችን ፖለቲካ ውስጥ ብዙ አላውቅም።

ከ1993 በኋላ ግማሽ ፖለቲከኛ መሆን አበቃ። ከፕሮፌሰር መስፍንና ከሌሎች ጋር ቀስተ ደመና የሚባል ፓርቲ መሰረቱ፣ ፓርቲው ከሌሎቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከመኢአድ፣ ከኢዴፓ መድህንና ከኢዴሊ ጋር ሆኖ ቅንጅት ሆነ። 97ን መተረክ አያስፈልግም ሁሉም የራሱ 97 አለው። የኔ የማስታውሰው የቅንጅት ምልክት የነበረውን ሁለት ጣት ነው፣ ህፃኑ ሁሉ ሁለት ጣቱን ቀስሮ የሚሮጥበት፣ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ ሰው እስከ ለገሃር ሞልቶ። (ሚያዝያ 30 ስትባል አስተውሉ፣ ከአራት ዓመት በፊት በዛችው ቀን ነው የታሰረው።) ክርክሩ ላይ ብርሃኑ የተወደደው ለምን ይመስላችኋል፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳና ስለ መሬት ሊዝ እንደ መምህር እየቆጠረ ስለሚያስረዳ ነው፣ ክፍል ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው፣ ገበሬውም ታክሲ ሾፌሩም ይገባዋል። አስተማሪነቱ ነው ፖለቲከኛ ያደረገው ብዬ አምናለሁ።

ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫ ጠቅልሎ ወሰደ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደግሞ 137ቱን። ብርሃኑ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ግን ወንበሩን አንድም ቀን አልተቀመጠበትም። ግንቦት መጨረሻ ላይ የምርጫውን ውጤት ተቃውመው መጀመሪያ የወጡት ማን ናቸው ብትሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እንደገና ያው በር፣ ተያዙ፣ ሰኔ 1 ከተማው ላይ ተተኮሰ፣ ጥቅምት 1998 ላይ ደግሞ ተደገመ። መንግስት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰው መሞቱን ቆጥሯል። መሀል ላይ ያ ፓርላማ እንግባ አንግባ የሚለው ክርክር አለ። ኢህአዴግ ቀድሞ የፓርላማውን ደንብ ቀይሮ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል ብሎ ስለነበር ብንገባስ ምን ልናወራ ነው የሚለው ሰው ምክንያት ነበረው፣ ግን እኔ አሁን ላይ ሆኜ ሳየው ቢያንስ አዲስ አበባን መረከብ ነበረባቸው እላለሁ፣ ከተማ ማስተዳደር ማለት ውሃና ቆሻሻ ነው፣ ሰው በዛ ይፈርድ ነበር። ይሄን ስል የሚናደድ እንዳለ አውቃለሁ፣ ይናደድ።

ከዛ ብርሃኑና ሌሎቹ የቅንጅት መሪዎች ቃሊቲ እስር ቤት ገቡ። በ1999 ሐምሌ ላይ የዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ በሳምንቱ ውስጥ በይቅርታ ተፈቱ። እስር ቤት ሆኖ የጻፈው መጽሐፍ ፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ እስኪሆን ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አስታውሳለሁ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው የሚያወራው፣ ፕሮፌሰር ጠመንጃ አነሳ ምናምን እያለ። በ2000 ግንቦት 7 የሚባለውን ድርጅት ከአንዳርጋቸው ጽጌ ጋር መሰረተ፣ በ2002 በሌለበት ሞት ተፈረደበት፣ በ2003 ፓርላማው ድርጅቱን አሸባሪ አለው፣ በ2006 አንዳርጋቸው የመን ሰንዓ ኤርፖርት ላይ ተይዞ ለኢትዮጵያ ተላልፎ ተሰጠ፣ በ2007 ሐምሌ ላይ ብርሃኑ አሜሪካ ተመልሶ በክኔል ላይ የያዘውን የማስተማር ስራ ትቶ አስመራ ገባ። ለኔ ይሄ አዲስ ሰው አይደለም፣ አሲምባ የወጣው ያ ልጅ ነው በሀምሳዎቹ ዕድሜው እንደገና ተራራ የፈለገው። በምርጫ ሞክሮ አይቶታል፣ በወረቀት ሞክሮ አይቶታል፣ የቀረው የመጀመሪያው መንገድ ነው። ውጤቱ ግን እውነቱን እንነጋገር፣ በጦር ሜዳ ይሄ ነው የሚባል ነገር የለም። ዲያስፖራው ዋሽንግተንና አውሮፓ ላይ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ ስብሰባ ሲያሟሙቅ፣ ሰራዊቱ ነገ ይገባል እየተባለ ሲጠበቅ፣ ኢህአዴግን ያናወጠው ከአስመራ የመጣ ጦር አልሆነም፣ በ2006 ሚያዝያ አምቦ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች ግቢዎች ላይ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው የተነሱ ተማሪዎች የጀመሩት ነገር ነው እየሰፋ ሄዶ፣ ከቄሮው ከፋኖው ጋር ሆኖ፣ የ2010ሩ የመንግስት ለውጥ ላይ ያደረሰን። አሁንም ግቢ! የድሮው የተማሪ ንቅናቄ ልጅ በረሃ ሆኖ ሲጠብቅ አዲሶቹ ተማሪዎች ቀደሙት።

ጳጉሜ 4 ቀን 2010 ቦሌ ሲያርፍ የነበረውን ሰው ያየ ያውቀዋል። ከዚያ በ2011 ግንቦት ላይ ግንቦት 7 ራሱን አክስሞ ከሌሎች ስድስት ፓርቲዎች ጋር ኢዜማ የሚባል አንድ ፓርቲ ሆነ። በ2013ቱ ምርጫ ኢዜማ በመላ አገሪቱ ያገኘው 4 ወንበር ነው፣ ብልፅግና 410። ብርሃኑ ራሱ አዲስ አበባ ላይ ተወዳድሮ ተሸነፈ፣ ያ 137 ከ138 የሰጠው ከተማ ማለት ነው። ለምን የሚለውን ሰው ሁሉ በራሱ መንገድ ይተነትናል፣ እኔ ግን ነገሩ ቀላል ይመስለኛል፣ በ97 ለመንግስት ያልሆነ ሁሉ ለቅንጅት ነበር፣ በ2013 ግን ጦርነት ነበረ፣ ኢዜማም በዋናው ጉዳይ ላይ ከመንግስት ጋር ነው የቆመው፣ ታዲያ መራጩ ቅጂውን ለምን ይመርጣል ኦሪጅናሉ እያለ።

መስከረም 26 ቀን 2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ፣ ከሌሎች ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከተሾሙት ከአብኑ በለጠ ሞላና ከኦነጉ ቀጀላ መርዳሳ ጋር። ፓርቲው ውስጥ ይሄ ያመጣው ጣጣ ቀላል አልነበረም፣ ሰኔ 2014 ላይ ለመሪነት ከአንዱዓለም አራጌ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ፣ በዓመቱ ግን በርካታ አመራርና አባል ጥሎ ወጣ። ተቃዋሚ ሆነህ ካቢኔ ውስጥ መቀመጥ ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው። አንዳርጋቸው ደግሞ ዛሬ ተመልሶ ውጭ አገር ሆኖ ይሄንኑ መንግስት የሚቃወም ሰው ሆኗል። ሁለቱም ከኢህአፓ የተረፉ፣ አንድ ድርጅት የመሰረቱ ጓደኛሞች ናቸው፣ አንዱ ሚኒስትር አንዱ ስደተኛ።

ሚኒስትሩ ምን ሰራ ከተባለ መልሱ አንድ ቃል ነው፣ ፈተና። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆት የቆየ በሽታ ነው፣ በ2008 ወጥቶ ሙሉ ፈተና እስኪሰረዝ ድረስ የደረሰ፣ ከዛም በኋላ በቴሌግራም የሚሸጥ። እሱ በ2015 ጥቅምት ላይ የ2014ቱን ባች ተማሪ ሁሉ ከየትምህርት ቤቱ አውጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ፣ ስልክ ከልክሎ፣ በፖሊስ አስጠብቆ ፈተነ። ጥር ላይ ውጤቱ ወጣ፦ ከ896,520 ተፈታኝ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 29,909። 3.3 ከመቶ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ከ1,000 በላይ ነው። በ2015ቱ ባች ያለፈው 3.2 ከመቶ ነው፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4።

እዚህ ላይ እኔ ከሁለቱም ወገን ጋር አልስማማም። ፈተናው ትውልድ ገደለ ለሚለው ሰው፣ የገደለው ያልተማረበት ክፍል እንጂ ቴርሞሜትሩ አይደለም፣ ድሮም ታመን ነበር ሙቀቱን ነው ያላየነው። ግን ደግሞ እውነቱን አወጣ ብሎ ለሚያጨበጭበው ሰው፣ ትግራይ ሁለት ዓመት በጦርነት የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ከክፍል ውጭ፣ እና ልጁን ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት መመዘን፣ ይሄንን አሲምባ የነበረው ልጅ ቢያይ ምን ይል ነበር? የመሬት ላራሹ ትውልድ ጥያቄ እኮ ማን ያልፋል አልነበረም፣ ማን ነው እዚህ በር ጋ እንኳን የማይደርሰው ነበር። ሚኒስትሩ ኢኮኖሚስቱ ነው፣ ይለካል፣ ቁጥር አይዋሽም ይላል። ተማሪው ብርሃኑ የት እንዳለ እንጃ።

በዛች በ2015 ጥቅምት አውቶብሶቹ ከየወረዳው ልጆች ጭነው ሲመጡ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሸክመው በሩ ላይ ተሰልፈው፣ ፌደራል ፖሊስ እየፈተሻቸው፣ ዶርም ተሰጥቷቸው ካፌ በልተው ሳምንት ሳይሞላ ተፈትነው ወጡ። አንዳንዱ ፈተናውን ጥሎ የወጣበት ግቢም ነበረ። ከነሱ ውስጥ በሪሜዲያል፣ ላላለፉት በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ተመልሶ የገባ አለ፣ ብዙው ግን ያቺን ጥቂት ቀን ነው ግቢ የነበረው። በ1993 ተማሪዎቹ ፖሊስ ይውጣልን ብለው ነበር የተነሱት። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ግቢዎቹን የሚጠብቀው ፌደራል ፖሊስ ነው፣ በሩ ላይ መታወቂያ ታሳያለህ፣ ቦርሳህን ትከፍታለህ፣ ትገባለህ።